ድምፅን ሳይጨምሩ መዝፈን፦ የአይዩ «ባምፕየንጂ» በጎጃም ጆሮ ሲመዘን

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ የኮሪያ ዘፈን የሚሰሙ ወጣቶች በተሰበሰቡበት አንድ ክርክር አይጠፋም፦ ጎበዝ ድምፃዊ የሚባለው ማን ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ «ከፍ አድርጎ የሚያወጣው» ነው። የደቡብ ኮሪያዊቷ ድምፃዊት የአይዩ ስም ሲነሣም ወዲያው የሚጠቀሰው በ2010 የወጣው «መልካም ቀን» የተባለው ዘፈኗ ነው። እዚያ ላይ ወደ መጨረሻው ትንፋሽ ሳትቀይር ሦስት ደረጃ ትወጣለች፤ እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው የሚበልጠው በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ በአንድ ቁልፍ ርቀት) ብቻ ነው። ኮሪያውያን «ባለሦስት ደረጃው ከፍታ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ይሁን፣ ያ የጉልበት ማሳያ ነው። የድምፅ አያያዟን መመዘን የፈለገ ሰው ግን ማንሣት ያለበት በመጋቢት 2017 የወጣውን «ባምፕየንጂ»ን ነው። ትርጉሙ «የሌሊት ደብዳቤ» ማለት ነው።

ስለ ዘፈኑ ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አይዩ የመድረክ ስሟ ነው፤ የተወለደችው በ1993 ሲሆን በ2008፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ሥራዋን አወጣች። የዚህን ዘፈን ግጥም የጻፈችው ራሷ ናት። «ፓሌት» የተባለው አልበሟ ከመውጣቱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ብቻውን ተለቀቀ፣ በ2018 መጀመሪያም በጎልደን ዲስክ ሽልማት የዲጂታል ዘፈን ዋናውን ሽልማት አገኘ። ከ4 ደቂቃ ትንሽ ይረዝማል። ዜማውን የሚሸከመው አኩስቲክ ጊታር ነው፤ ድምፃዊቷ የምትደበቅበት ከበሮ የለም።

ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሲሰሙት ማንም የሚዘፍነው ይመስላል። ሲሞክሩት ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያልቃል፣ ሦስተኛው ላይ ዜማው ይወርዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አይዩ እዚህ የምትጠቀመው አየር የተቀላቀለበት ድምፅ ነው። አየር እንዲቀላቀል የድምፅ አውታሮቹ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥሙ መንቀጥቀጥ አለባቸው፣ በክፍተቱ ትንፋሽ ያመልጣል፤ ስለዚህ ያንኑ ስንኝ ለመጨረስ ጠንከር ባለ ድምፅ ከሚያስፈልገው የበለጠ አየር ይጠይቃል። ዝግ ያለ ድምፅ ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እሷ እንዴት ትወጣዋለች? ስንኙን አየር በበዛበት ድምፅ ትጀምርና መሐል ላይ፣ አናባቢው ሲረዝም፣ ድምፁን ታጠብቀዋለች፤ መጨረሻው ላይ እንደገና ትለቀዋለች። ለጆሮ ሁሉም ሹክሹክታ ይመስላል፤ እውነተኛው ሹክሹክታ ግን የስንኙ ጫፍና ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ኤርፎን አድርጎ የመጀመሪያውን ስንኝ አራት አምስት ጊዜ መስማት ይበቃል፦ አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ፣ አንድ ጊዜ መሐሉን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ጫፉን ብቻ እየተከታተሉ። መሐሉ ላይ ትንፋሹ ሲጠፋና ድምፁ ጥርት ሲል ይሰማል።

ጎጃም ላይ ይህን ለማስረዳት ከውጭ ቃል መዋስ አያስፈልግም። የዜማ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ስምንቱን የያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች ያውቃል፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። (የማኅሌቱን ቃል ለዘፈን ማዋስ አንዳንድ መሪጌታን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን የድምፅን ጠባይ በዚህ ልክ ለይቶ የሰየመ ሌላ የአማርኛ ቃል የለንም።) በዚህ ቋንቋ ካየነው «ባምፕየንጂ» ይዘትና ድፋት (ድምፅን ይዞ መቆየትና ዝቅ ማድረግ) የበዛበት፣ ርክርክ (ድምፅን ማርገብገብ) የሌለበት ለማለት በሚያስደፍር መጠን ያነሰበት ዘፈን ነው። የእኛ ሰው ሲዘፍነው የሚያበላሸውም ይህንን ነው። የስንኝ መጨረሻ ሲደርስ ጉሮሮው ሳያስበው ማንቆርቆር ይጀምራል። በእኛ ሙዚቃ ያ ውበት ነው፣ ማሲንቆውም ይጠብቀዋል። እዚህ ግን ጊታሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ርክርኩ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። አይዩ ድምፁን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ መንቀጥቀጥ ካለበትም የሚመጣው ዘግይቶ፣ ድምፁ ሊጠፋ ሲል ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቦታዎች እንምጣ፤ ዘፈኑ የሚመዘነው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው «እም» ነው። በመክፈቻው ስንኝ ባለ ደብዳቤዋ በሌሊት የምታበራ ጥንዚዛ ወደ ተወዳጁ መስኮት እንደምትልክ ትናገራለች፤ ከዚያ አፏን ገጥማ «እም» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ያ መላክ «እወድሃለሁ» ማለት እንደሆነ የምትገልጸው። ይህ «እም» ማስጌጫ አይደለም፣ ግጥሙ ውስጥ የተጻፈ ነው። ሊናገሩት የከበደ ነገር ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ፋታ ይሞላል። ሰሙ ጥንዚዛ ነው፣ ወርቁ ከእሙ በኋላ ይፈታል፤ የዋሸራን ወይም የዲማን ቅኔ የሚያውቅ አድማጭ ይህ አካሄድ አይከብደውም፣ ምናልባት «ወርቁን ራሷ ለምን ፈታችው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል እንጂ።

በድምፅ በኩል ይህ «እም» ሥራ አለው። አፍ ተዘግቶ የሚወጣ ድምፅ በአፍንጫና በፊት አጥንት ላይ ስለሚያስተጋባ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ከጉሮሮ ሳይሆን ከዚያው ከፊት ይጀምራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ፊደሉ ስጦታ ነው፤ የኮሪያው አናባቢ ከእኛ ሳድስ ጋር እጅግ ይቀራረባል፣ «እም» ብለን የምንጽፈውን እንዳለ ብንል ይሆናል። የሚበላሸው በሌላ ነው። አንደኛ፣ ጥርስ ከተነከሰ ድምፁ ይታፈናል። ከንፈር ተዘግቶ ጥርስና ጥርስ አንድ ጣት ውፍረት ያህል መራራቅ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከቃሉ ይልቅ እሙ ይጎላል፤ ይህ የሚሆነው ማይክ በጣም ሲቀርብ ነው። ሦስተኛውና የተለመደው፣ ትንፋሹን ከእሙ በኋላ መሳብ ነው። እንዲህ ሲደረግ ፋታው ለሁለት ይቆረጣል፣ ያ ሁሉ ዝግጅት ይባክናል። ትንፋሽ ከእሙ በፊት ተስቦ እሙና ተከታዩ ቃል በአንድ መውጣት አለባቸው። በትክክል መያዙን ለማወቅ ከንፈር ላይ ጣት ማስነካት ነው፤ ከንፈር ከነዘረ ልክ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ብቻ ከተሰማ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ቦታ «ንል ግሪወ ግሪወ» የምትልበት ነው፤ «ሁልጊዜ ይናፍቀኛል፣ ይናፍቀኛል» እንደማለት። ከዚያ ቀድሞ ተወዳጁ፣ ማዕበል በነካው አሸዋ ላይ እንደተጻፈ ፊደል ርቆ የሚጠፋባት ይመስላታል። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣው እዚህ ነው፤ ሌላ ድምፃዊ ቢሆን ጉልበት የሚጨምረው እዚህ ነው። እሷ ግን ታቀለዋለች። ከደረት ድምፅ (ከወፍራሙ) ወደ ራስ ድምፅ (ወደ ቀጭኑ) ትሸጋገራለች፣ መጠኑም ከፍ አይልም። ከፍታ ሲጨምር ጩኸት ሳይጨምር መቅረቱ ነው የዚህ ዘፈን ዋና ችሎታ፤ በእኛ ሚዛን ከሦስቱ ደረጃ ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። ምክንያቱም ጉልበት ሲጨመር የድምፅ አውታር በግፊቱ እየተደገፈ ይቆማል፤ ግፊቱ ሲቀንስ የሚይዘው የጡንቻ ልክ ብቻ ነው። ልኩ ትንሽ ከተሳተ ድምፁ ይሰበራል፣ በዶሮ ድምፅም ይወጣል።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ይጠቅማልም፣ ያሳስታልም። የሚጠቅመው፣ «ግሪወ» ተብሎ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ከኮሪያው አነባበብ ጋር በጣም መጠጋቱ ነው፤ መጨረሻዋ «ወ» ከነግዕዝ አናባቢዋ ልክ ናት። የላቲን ፊደል ተከትሎ የሚያጠና ሰው ግን «ግሪዎ» ይላል፣ ከንፈሩን ያሾላል፣ ድምፁም ይጨልማል። የሚያሳስተው ደግሞ ሳድሱ ነው። አማርኛ ላይ «ግራ» ስንል የ«ግ» አናባቢ የለም ለማለት ይቻላል፣ ተጣብቆ ይወጣል። ኮሪያኛ ላይ ግን «ግ» ራሱን የቻለ ቀለም ነው፣ የራሱ ኖታ አለው። «ግሪወ» ሦስት ቀለም ነው፣ «ንል» ደግሞ አንድ። ሳድሱን ውጦ የዘፈነ ሰው አንድ ኖታ ይጎድለውና ጊታሩን ይቀድማል። ብዙ ጊዜ «ሪትም ያመልጠኛል» የሚባለው ችግር ሪትም ሳይሆን የተዋጠ ሳድስ ነው።

ሽግግሩ የት ይሁን ለሚል፦ «ግ» ላይ አይሁን። «ግ» ሲባል የምላስ ጀርባ ወደ ላንቃ ስለሚነሣ ጉሮሮ ይጠባል። ቀደም ብሎ «ንል» ላይ ድምፁን አቅልሎ መግባት ነው። ሁለተኛው «ግሪወ» የመጀመሪያው ግልባጭ መሆን የለበትም፤ የመጀመሪያው ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛው ወደ ውስጥ የሚመለስ ይሁን።

ስለ ቋንቋው ሌላ ሁለት ነገር። ብዙ ስንኞች የሚያልቁት በ«ዮ» ነው፤ የአክብሮት መደምደሚያ ነው፣ ደብዳቤው ባለ አክብሮት ነው። ክፍት አናባቢ ስለሆነ መግፋት ያስመኛል፤ አይገፋም፣ እንደ ድፋት ዝቅ ተደርጎ ይለቀቃል። ሁለተኛው፣ የመክፈቻው ስንኝ ላይ «ቅርብ» የሚለው ቃል «ጋካኢ» ይባላል፣ መሐሉ ላይ ያለው «ካ» ጠብቆ። የእኛ ምላስ ጠበቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ወደ «ቃ» ይሮጣል። ኮሪያኛ ግን እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ ያለ ከጉሮሮ የሚፈናጠር ድምፅ የለውም። «ጋቃኢ» ያለ ሰው በዚህ ለስላሳ ዘፈን መሐል ድንጋይ የወረወረ ያህል ነው። መጥበቅ አለበት፣ መፈናጠር የለበትም፤ «ለካ» (ልክ ወሰደ) ስንል እንደምናጠብቀው ማለት ነው።

ከቋንቋው በላይ የሚያዳልጠው ግን ቅኝቱ ነው። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው፤ ከሜጀር መሰላል ሰባት ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው የሉበትም። «ባምፕየንጂ» በሰባቱም ላይ ነው የሚሄደው። በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ አራተኛውን ሲያገኝ ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ አምስተኛው ይስበዋል፤ ዘፋኙ ራሱ አይሰማውም፣ አድማጩ ግን «ከጊታሩ ጋር አልሄደም» ይላል። መድኃኒቱ ቃል ሳይጨምሩ ዜማውን ከኪቦርድ ጋር አንድ በአንድ እየነኩ በ«እም» ማዜም ነው፣ በተለይ ግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡትን ቦታዎች። የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕሊኬሽንም ይረዳል፤ መርፌው ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የቅኝት ሳይሆን የትንፋሽ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚስት ከሆነ የቅኝት ነው።

ስለ መስሚያው። ይህን ዘፈን በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ስፒከር ሰምቶ «ምንም የለውም» ማለት አይቻልም። ከደብረ ማርቆስ ቡሬ፣ ከቡሬ እንጅባራ እያለ በሚሄድ መኪና ውስጥ የሞተሩ ጩኸት የሚውጠው በትክክል ዝቅ ያለውን ክፍል ነው፤ የሚተርፈው የጊታሩ ጫፍ ብቻ ነው። ባለ ሽቦ ተራ ኤርፎን ከብዙ የብሉቱዝ ስፒከር ይሻላል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ከሚጭኑ ሱቆች የሚወስድ ሰው የፋይሉን መጠን ይይ፦ በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ከሆነ ወደ 10 ሜጋባይት፣ በ128 ከሆነ ወደ 4 ሜጋባይት ይሆናል። በ128 የተጨመቀ ኤምፒ3 አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል፤ የትንፋሹና የ«ስ» ድምፅ አየር ደግሞ እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል። ሌላ ዘፈን ላይ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፣ እዚህ ይታወቃል፤ ትንፋሿ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ከ128 ወደ 320 የተቀየረ ፋይልም አለ፤ መጠኑ ያድጋል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ መጠኑን ብቻ አትመኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች አዳምጣችሁ ትንፋሹ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጡ።

ጉድለት አለው? አለው። የድምፁ መጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እምብዛም አይለዋወጥም። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ የሰማ ሰው ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል። (ለተወዳጁ መልካም ሕልም በመመኘት የሚያልቅ ዘፈን ስለሆነ ይህን ጉድለት ማለትም ያከራክራል።) «ምናለ አሁን አብረን ብንሆን» በሚለው ሐሳብ መሐል የምታስገባት «ኣ» ግን ለእኛ ጆሮ ትንሽ ተጠንታ የወጣች ትመስላለች፤ እንደ እሙ ሳይታሰብ የወጣች አትመስልም። ትልቅ አዝማች፣ የሚያስጨበጭብ ፍጻሜ የሚፈልግ አድማጭም ገንዘቡን እዚህ አያጥፋ።

ለመለማመድ የሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ የትንፋሽ አስተማሪ ዘፈን ለማግኘት ይቸገራል። አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ «ስ» እያሉ ትንፋሽን በእኩል መጠን 20 ሰከንድ ማውጣት፤ መሐል ላይ ከተንቀጠቀጠ እንደገና መጀመር። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል ነክሮ በስትሮው ዜማውን ማዜም፤ አረፋው ሳይቆራረጥ እኩል ከወጣ ግፊቱ እኩል ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዘፈኑን አየር ሳይጨምሩ፣ በጠራ ድምፅ፣ ዜማው እስኪደላደል ድረስ መዝፈን። አየሩ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሹክሹክታ የሚለማመድ ሰው አውታሩን ያደርቃል፣ በተለይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ፤ ሲውል ሲያድር ድምፁ ይሻክራል። ለብ ያለ ውኃ ይጠጣ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ አያስቸግረው። ወንድ ከሆነ በእሷ የድምፅ ከፍታ ለመዝፈን አይታገል፤ ከአራት እስከ አምስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ጊታሩ ካፖ (አንገቱ ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ) ካለው ቦታውን ቀይሮ ይጀምር።

መድረክ ላይ ሲመጣ ዋናው ጠላት ሚክሰሩ ነው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም ሆነ የሠርግ ሳውንድ የሚሠራ ልጅ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ጌይን (ሚክሰሩ ላይ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) መጨመር ነው፤ ወዲያው ማይኩ ይጮኻል። ጌይኑ ባለበት ይቁም፣ ዘፋኙ ማይኩን ከከንፈሩ ሁለት ሦስት ጣት ድረስ ያቅርብ። ማይክ ሲቀርብ የታችኛው ድምፅ ስለሚያብጥ ቤዙን ትንሽ መቀነስ፣ «ፕ» እና «ብ» እንዳይፈነዱ ማይኩን ወደ አፍ ጥግ ዘወር ማድረግ ነው። ማይክ እየራቁና እየቀረቡ መዝፈን እዚህ አያስፈልግም፤ ድምፁ እኩል ስለሆነ እጅም እኩል ይቁም። ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ከማይኩ ጀርባ እንጂ ፊት ለፊት አይሁን። ኤኮው ደግሞ ከተለመደው ከግማሽ በታች ይሁን፤ ካልሆነ እሙና ተከታዩ ቃል ተደራርበው ያቺ ፋታ ትጠፋለች።